የመዳቡ ጉልላት አናቱ ላይ አረንጓዴ አልሆን አለ፤ ምክንያቱ ምን ይሆን?

ጉልላት ሠሪ፦

ጤና ይስጥልኝ። ማይንክራፍት በሚባለው የኮምፒውተር ጨዋታ ውስጥ መዳብ የሚያረጅበትን መንገድ በደንብ ከምታውቁ ሰዎች ምክር ለመጠየቅ ነው የምጽፈው። ከጓደኞቼ ጋር በምንጫወትበት ሰርቨር ላይ አንድ ትልቅ ቤተ መጻሕፍት እየሠራን ነው። የምንጫወተው በጃቫው እትም፣ ሁሉም ነገር በልፋት በሚገኝበት በሰርቫይቫል ሲሆን፣ በሰርቨሩ ሕግ መሠረት ኮማንድ መጠቀምም ሆነ ሁሉም ነገር በነፃ ከሚገኝበት ከክሪኤቲቭ ዕቃ ማምጣት አይፈቀድም፤ ስለዚህ እያንዳንዱ መዳብ ተቆፍሮ፣ ቀልጦ፣ በእጅ የተቀመጠ ነው። ጉልላቱ ብቻውን 600 ያህል የተቆረጠ መዳብ ብሎክ (ጨዋታው ሁሉን ነገር የሚሠራበት ኩብ) ፈጅቷል። ሐሳባችን ከጊዜ ብዛት ሙሉ በሙሉ ወደ መጨረሻው ሰማያዊ አረንጓዴ ቀለም እንዲለወጥ ነበር።

የታችኛው ክፍል እንደታሰበው ሆኗል። ከግድግዳው ጋር ከሚገናኝበት ጠርዝ አንሥቶ እስከ ወገቡ ድረስ ያለው ሁሉ አረንጓዴ ነው። ከዚያ በላይ ያለው ግን ቡናማና አረንጓዴ በተቀላቀለበት በሦስተኛው ደረጃ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ይባስ ብሎ ነጎድጓድ ካለባቸው ሌሊቶች በኋላ አናቱ አካባቢ ልክ ዛሬ እንደተቀመጡ የሚያበሩ ብርቱካናማ ብሎኮች አያለሁ። ያረጀ መዳብን የሚያድሰውን መጥረቢያ ይዞ ወደዚያ የወጣ ሰው እንደሌለ ጓደኞቼን ሁሉ ጠይቄ አረጋግጫለሁ። ውስጡ በእንጨት መደርደሪያ የተሞላ ስለሆነ እሳትን ፈርተን በጉልላቱ ጫፍ ላይ የመብረቅ ዘንግ ተክለናል።

ሦስት ነገር እንድታስረዱኝ እፈልጋለሁ። አንደኛ፣ የላይኛው ክፍል ለምን ቆመ? ሁለተኛ፣ አንድ ወዳጃችን ውኃ ብናፈስበት ቶሎ ያረጃል ይላል፤ እውነት ነው? ሦስተኛ፣ አረንጓዴ የሆነው የታችኛው ክፍል እንዳይበላሽብን፣ ለውጡን የሚያቆመውን ሰም ከአሁኑ ብንቀባው ይሻላል?

አናጢው፦

ሰላም ለእርስዎ ይሁን። ሁለት የተለያዩ ችግሮች ቢመስሉም ምንጫቸው አንድ ነው፤ እርሱም የመብረቅ ዘንጉ የተተከለበት ቦታ ነው።

መብረቅ ሰም ያልተቀባ መዳብ ሲመታ የተመታው ብሎክ በአንድ ጊዜ ወደ አዲስነቱ ይመለሳል። በዚያ አያበቃም፤ ኃይሉ ከተመታው ብሎክ ተነሥቶ በዘፈቀደ ወደ ጎረቤት መዳቦች እየተራመደ የደረሰባቸውን አንድ አንድ ደረጃ ያድሳቸዋል። መብረቁ ያረፈው በዘንግ ላይ ከሆነ ደግሞ ጨዋታው የሚመለከተው ዘንጉ የቆመበትን ብሎክ ነው። ዘንጉ የተተከለው በቀጥታ በመዳቡ ላይ ከሆነ፣ እያንዳንዱ ነጎድጓድ የጉልላቱን አናት እያጸዳ ይሄዳል ማለት ነው። ከሌሊቱ በኋላ የሚያዩዋቸው ብርቱካናማ ብሎኮች የመጡት ከዚህ ነው።

የቀረው ክፍል ለምን እንደቆመ ለመረዳት ጨዋታው ማርጀትን እንዴት እንደሚያሰላ ማወቅ ያስፈልጋል። መዳብ አራት ደረጃዎች አሉት፤ አዲሱ፣ ወየብ ያለው፣ ያረጀውና ፍጹም አረንጓዴው። አንድ ብሎክ ወደሚቀጥለው ደረጃ ሊያልፍ ተራው ሲደርሰው በመጀመሪያ ዙሪያውን ይመለከታል። የሚመለከተውም እስከ 4 ብሎክ ርቀት ድረስ ያለውን ነው፤ ርቀቱ የሚለካው በአየር ላይ በሰያፍ ሳይሆን ወደ ጎን፣ ወደ ፊትና ወደ ላይ የሚኬደው ተደምሮ ነው። በዚህ ክልል ውስጥ ከእርሱ ያነሰ ደረጃ ላይ ያለ፣ ሰም ያልተቀባ አንድ መዳብ እንኳ ካገኘ ተራውን ያልፋል፤ ምንም አይለወጥም። ስለዚህ መብረቁ ያደሳቸው ብሎኮች እነርሱ ራሳቸው አዲስ መሆናቸው ብቻ አይደለም ጉዳቱ፤ እስኪደርሱባቸው ድረስ በዙሪያቸው ያሉትን ሁሉ ባሉበት ያስሯቸዋል። እነርሱ ሊደርሱ ሲቃረቡ ሌላ ነጎድጓድ ይመጣና ሥራው እንደገና ይጀመራል።

መፍትሔው ቀላል ነው። ዘንጉን ይንቀሉና ከሥሩ ያለውን አንድ ብሎክ በድንጋይ ይተኩት፤ ወይም መዳቡ እንዲታይ ከፈለጉ ያንን አንድ ብሎክ ብቻ ሰም ይቀቡት። ከ2025ቱ የመዳብ ማሻሻያ በፊት ባሉት እትሞች ዘንጉ የቆመበት ብሎክ ሰም የተቀባ ከሆነ የማደሱ ሥራ ጭራሹን አይጀምርም፤ ጎረቤቶቹም ከመብረቁ ይድናሉ። በ2025 የወጣውን የመዳብ ማሻሻያ ተቀብላችሁ ከሆነ ዘንጉ ራሱም እንደ ሌላው መዳብ ያረጃል፤ ስለዚህ አዲስ ዘንግ ስትተክሉ እርሱንም ሰም መቀባቱን አትርሱ።

ስለ ውኃው ወዳጃችሁ የተናገሩት በውጭው ዓለም እውነት ነው፤ በዚህ ጨዋታ ግን ውኃም ዝናብም ለመዳቡ ምንም አይጨምሩለትም። በዋሻ ውስጥም፣ በባሕር ሥርም፣ ኔዘር በሚባለው የጨዋታው ሌላ ዓለምም ውስጥ የሚያረጀው በአንድ ዓይነት ፍጥነት ነው።

ሦስተኛው ጥያቄዎ ከሁሉም የሚያሳስበኝ ነው፤ እባክዎ የታችኛውን ክፍል አሁን ሰም አይቀቡት። ምክንያቱን ንብ አናቢው ከእኔ በተሻለ በቁጥር ያስረዳል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ።

ንብ አናቢ፦

አናጢው እንዳለው ቁጥሩን ላስረዳ፤ ምክንያቱም ብዙ ሰዎች መዳባቸው ቀርፋፋ የሚሆንባቸው ይህን ሂሳብ ባለማየት ነው። የምጠቅሳቸው ቁጥሮች የጃቫው እትም ናቸው።

ጨዋታው ዓለሙን ጎናቸው 16 በ16 በ16 በሆኑ ክፍሎች ይከፍላል፤ እያንዳንዱ ክፍል 4096 የብሎክ ቦታ አለው። በየቲኩ፣ ማለትም በሰከንድ 20 ጊዜ፣ ከእያንዳንዱ ክፍል ሦስት ቦታዎች በዕጣ ይመረጣሉ፤ ራንደም ቲክ የሚባለው ይህ ነው። አንድ ብሎክ ዕጣው የሚደርሰው በአማካይ በየ68 ሰከንዱ ነው። ዕጣ የደረሰው መዳብ ሁሉ ደግሞ ወዲያው አይመረመርም፤ ከ1125 ዕድል 64ቱ ብቻ ናቸው ወደ ምርመራ የሚያስገቡት። ሁለቱ ሲባዙ አንድ መዳብ ለማርጀት የሚመረመረው በአማካይ በየ20 ደቂቃው ይሆናል፤ ይህም አንድ የማይንክራፍት ቀንና ሌሊት ነው።

በምርመራው ጊዜ ከእርሱ ያነሰ ጎረቤት ከሌለ ሁለት ነገር ይቆጠራል፤ በ4 ብሎክ ርቀት ውስጥ ያሉት ሰም ያልተቀቡ መዳቦች በሙሉ ስንት ናቸው፣ ከእነርሱስ ከእርሱ የቀደሙት ስንት ናቸው? በሁለቱም ላይ አንድ አንድ ተጨምሮ የቀደሙት ለጠቅላላው ይካፈላል፤ ውጤቱም በራሱ ይባዛል። የመጨረሻው ቁጥር የመለወጥ ዕድሉ ነው። ብሎኩ ገና አዲስ ከሆነ ግን ዕድሉ በ0.75 ተባዝቶ ይቀንሳል።

አሁን ይህን ወደ እርስዎ ጣሪያ እናምጣው። በዝርግ ጣሪያ ላይ አንድ ብሎክ በ4 ርቀት ውስጥ 40 ጎረቤቶች አሉት፤ ጉልላትም ከዚህ ብዙ አይርቅም። ሦስተኛው ደረጃ ላይ የቀረ አንድ ብሎክ ውሰዱና ከ40ዎቹ 30ዎቹ አረንጓዴ ናቸው እንበል። 31 ለ41 ሲካፈልና በራሱ ሲባዛ 0.57 ያህል ይሆናል፤ ብሎኩ በአማካይ በ35 ደቂቃ ውስጥ ይለወጣል። እነዚያን 30 አረንጓዴ ብሎኮች ሰም ብትቀቧቸው ግን ጨዋታው ከነጭራሹ አይቆጥራቸውም፤ የቀሩት 10 እኩዮቹ ብቻ ይሆናሉ። ያን ጊዜ ሂሳቡ 1 ለ11 ነው፤ በራሱ ሲባዛ 1 ለ121። ይኸው ብሎክ በአማካይ 40 ሰዓት ገደማ ይጠብቃል። ቀድመው የደረሱት ናቸው የቀሩትን የሚጎትቷቸው፤ ሰም መቀባት የሚገባው የመጨረሻው ብሎክ ከደረሰ በኋላ ነው። አረንጓዴው የሚበላሸው በመብረቅና በመጥረቢያ ብቻ ስለሆነ፣ የዘንጉ ነገር ከተስተካከለ የሚያስፈራ ነገር የለም።

ለሚቀጥለው ሕንፃችሁ ደግሞ ከዚህ የተሻለ መንገድ አለ፤ መዳቡን ጣሪያው ላይ ሳይሆን ሜዳ ላይ ማስረጀት ነው። ጎረቤት የሌለው ብሎክ ከላይ ባልነው ሂሳብ የማለፍ ዕድሉ ሙሉ ነው፤ ከአዲስነት ለመውጣት በአማካይ 27 ደቂቃ፣ ለቀሩት ሁለት ደረጃዎች 20፣ 20 ደቂቃ ይፈጅበታል፤ በድምሩ ከአንድ ሰዓት ትንሽ ይበልጣል። ዕጣ ስለሆነ የሚዘገዩ አይጠፉም፤ ቢሆንም ከ3 ሰዓት በኋላ ሳይደርስ የሚቀረው ከመቶ አንድ ያህሉ ብቻ ነው። ሁሉም አዲስ ሆኖ በተገጠመ ዝርግ ጣሪያ ላይ ግን ለአንድ ለተወሰነ ብሎክ የመጀመሪያው ለውጥ ከ700 ሰዓት በላይ ሊጠብቅ ይገባዋል። እርግጥ ጣሪያው በሙሉ ይህን ያህል አይቆይም፤ ከብዙዎቹ አንዱ ቀድሞ ይለወጥና ሌሎቹን መሳብ ይጀምራል። አጀማመሩ ግን እጅግ ቀርፋፋ ነው፤ ሰዎች ተስፋ የሚቆርጡትም እዚያ ላይ ነው።

ሜዳው ላይ በሁለት ብሎኮች መካከል ያለው ርቀት 5 መሆን አለበት። ብዙ ሰው በአራት ማዕዘን ሰልፍ፣ በመካከላቸው አራት አራት ባዶ ቦታ እየተወ ያስቀምጣል፤ ይህ ለአንድ ብሎክ 25 ካሬ ይፈጃል። ከአንዱ ብሎክ ሦስት ወደ ፊትና ሁለት ወደ ቀኝ፣ ከዚያም ሁለት ወደ ኋላና ሦስት ወደ ቀኝ እየተቆጠረ ቢተከል ርቀቱ ያው 5 ሆኖ ለአንድ ብሎክ የሚያስፈልገው 13 ካሬ ብቻ ነው። 50 በ50 በሆነ ሜዳ ላይ በመጀመሪያው ዘዴ 100፣ በሁለተኛው 190 ያህል ብሎክ ይገባል።

ከዚህ ሁሉ በላይ ልብ እንድትሉት የምፈልገው የድንጋይ መቁረጫውን ነው። አንድ ሙሉ የመዳብ ብሎክ በመቁረጫው አራት የተቆረጠ መዳብ ይወጣዋል፤ ያረጀ ብሎክም ሲቆረጥ ደረጃውን ይዞ ነው። ስለዚህ ለ600 የተቆረጠ መዳብ ሜዳ ላይ መቀመጥ ያለበት 150 ብሎክ ብቻ ነው። ሰሙም እንደዚሁ ነው፤ ሰም የተቀባ ብሎክ ሲቆረጥ አራቱም ሰም የተቀቡ ሆነው ይወጣሉ። ሰሙ የሚቀባበት የማር እንጀራ (ለአንድ ብሎክ አንድ) ከሞላ ቀፎ በመቀስ ሲቆረጥ የሚገኘው 3 ነው፤ ከተቆረጠ በኋላ 600 መዳብ መቀባት ማለት ቀፎ 200 ጊዜ መቁረጥ ነው፤ ከመቁረጡ በፊት 150ውን መቀባት ግን 50 ጊዜ። ንቦቹ እንዳይቆጡ ከቀፎው ሥር የካምፕ እሳት አንድዶ ጭስ መስጠት ነው፤ ይህን የአገራችን ንብ አናቢ ሁሉ ያውቀዋል።

ሁለት ትንንሽ ማሳሰቢያዎች። ሜዳው ተጫዋች ከሚውልበት ቦታ አጠገብ ይሁን፤ ሰው በአቅራቢያው በሌለበት ቻንክ (የዓለሙ ክፍልፋይ) መዳቡ አያረጅም። አልጋ ላይ ተኝቶ ሌሊቱን ማሳለፍም ሰዓቱን እንጂ ራንደም ቲኩን አያስኬደውም፤ ስለዚህ በመተኛት የሚገኝ ትርፍ የለም።

የከተማ ነዳፊ፦

የሁለቱም ማብራሪያ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ስለ መልኩ የተለየ ሐሳብ አለኝ። ጉልላቱ በሙሉ አንድ ዓይነት አረንጓዴ እንዲሆን መፈለግ አያስፈልግም ባይ ነኝ።

በኒው ዮርክ የቆመውን የነፃነት ሐውልት አስቡት። በ1886 ሲመረቅ ውፍረቱ 2.4 ሚሊ ሜትር ያህል በሆነ የመዳብ ልባስ የተሸፈነና የመዳብ ቀለም ያለው ነበር፤ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ እስኪሆን ድረስ ብዙ ዓመታት ወስዷል። ያ አረንጓዴ ልባስ ከሥሩ ያለውን መዳብ የሚጠብቅ ነው፤ ስለዚህም አልተፋቀም። እውነተኛ የመዳብ ጣሪያ ሲያረጅ የሚታየውን ልብ ካላችሁ ግን በአንድ ጊዜ እኩል አይለወጥም፤ ዝናብ የሚወርድበትና የተጠለለው ክፍል ይለያያሉ፤ ውኃው የተንሸራተተበት መስመር ከላይ ወደ ታች እንደ ጅረት ይታያል።

ማይንክራፍት ይህን በራሱ ሊሰጣችሁ አይችልም፤ ምክንያቱ ደግሞ አናጢው ከጠቀሰው ሕግ ውስጥ አለ። አንድ ብሎክ ከእርሱ ያነሰ ጎረቤት እያለ ማለፍ ስለማይችል፣ መብረቅና የሰው እጅ ካልገቡበት በ4 ብሎክ ርቀት ውስጥ የሚገኙ ሁለት መዳቦች ከአንድ ደረጃ በላይ ሊራራቁ አይችሉም። አረንጓዴ ከብርቱካናማ አጠገብ የሚገኝበት ጣሪያ የሚሠራው በእጅ ብቻ ነው።

እኔ የምሠራው እንዲህ ነው። ከሜዳው ላይ ብሎኮቹን በሦስቱ የኋለኛ ደረጃዎች ለይቼ እሰበስብና ሁሉንም ሰም እቀባለሁ። ከጉልላቱ ጫፍ ወደ ታች የሚወርዱ፣ ስፋታቸው አንድ ብሎክ የሆኑ መስመሮችን በፍጹም አረንጓዴው እሠራለሁ፤ ወደ ታችኛው ጠርዝ ሲቃረቡ ወደ ሁለትና ወደ ሦስት ብሎክ እንዲሰፉ አደርጋለሁ፤ ውኃ የሚጠራቀመው እዚያ ነውና። በመስመሮቹ መካከል ያለውን በሦስተኛው ደረጃ እሞላለሁ። ሁለተኛውን፣ ወየብ ያለውን፣ ከመስኮት ክፈፍ በላይና ከማማ ጥግ በታች፣ ዝናብ በማያገኘው ቦታ ብቻ አኖራለሁ። አዲሱን ብርቱካናማ ጭራሽ አልጠቀምም፤ ከአረንጓዴው አጠገብ ሲቀመጥ የተሰበረ ነገር የተተካ ነው የሚመስለው።

የእርስዎ ጉልላት አሁን ባለበት ሁኔታ ከታች አረንጓዴ፣ ከላይ ቡናማ መሆኑ ለዚህ መነሻ ጥሩ ነው። ብርቱካናማዎቹን ብቻ ቢተኩ የቀረውን እንዳለ ሰም ቀብተው ማቆየት ይችላሉ።

ጉልላት ሠሪ፦

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። ዘንጉ በእርግጥም የቆመው በመዳቡ ላይ ነበር፤ አሁን ከሥሩ ድንጋይ አስገብተናል። ጓደኞቼ ጉልላቱ ሙሉ በሙሉ አረንጓዴ እንዲሆን ስለሚፈልጉ ሰሙን አቆይተን እንጠብቃለን፤ ለመግቢያው ትንሽ ማማ ግን የከተማ ነዳፊን መስመሮች እንሞክራለን።

ሁለት ጥያቄ ቀርቶኛል። ያረጀ መዳብ በዶማ ሲነቀል ደረጃውን ያጣል? ደግሞም ከጉልላቱ ሥር፣ ከውስጥ በኩል፣ የመዳብ አምፖሎችን ለማንጠልጠል አስበናል፤ ይህ የሚያመጣው ችግር ይኖራል?

አናጢው፦

ደረጃውን አያጣም፤ ዶማው የድንጋይ ወይም ከዚያ የተሻለ ይሁን እንጂ እንደነበረ ይወጣል። ሰም የተቀባውም ሰሙን ይዞ ይወጣል። ሐሳባችሁን ከቀየራችሁ በመጥረቢያ የመጀመሪያው ምት ሰሙን ብቻ ያነሣል፤ ሁለተኛው ምት አንድ ደረጃ ያድሰዋል፤ ስለዚህ ሰሙን ለማንሣት ብቻ ከፈለጋችሁ አንድ ጊዜ መትታችሁ አቁሙ።

አምፖሎቹ ግን ችግር ያመጣሉ፤ በጊዜ በመጠየቅዎ ደስ ብሎኛል። በ2024 በወጣው የጨዋታው 1.21 እትም የተጨመሩት አምፖሎች፣ በሮችና ፍርግርጎች ሁሉ በዚህ ሂሳብ እንደ መዳብ ብሎክ ይቆጠራሉ፤ በመካከላቸው ግድግዳ ወይም ጣውላ መኖሩም ለውጥ የለውም፤ ጨዋታው ርቀቱን ብቻ ነው የሚያየው። አንድ አዲስ፣ ሰም ያልተቀባ አምፖል ከጣሪያው በ4 ብሎክ ውስጥ ከተሰቀለ ከላዩ ያለውን የጉልላት ክፍል ልክ መብረቁ እንዳደረገው ያስረዋል።

ስለዚህ አምፖሎቹን ከመስቀላችሁ በፊት በዕደ ጥበብ ጠረጴዛው ላይ ከማር እንጀራ ጋር አዋህዷቸው፤ ሰም ተቀብተው ይወጣሉ። የትኛውን ደረጃ እንደምትቀቡ ግን አስቡበት፤ የአምፖሉ ብርሃን ከዕድሜው ጋር ይቀንሳልና። አዲሱ 15፣ ወየብ ያለው 12፣ ያረጀው 8፣ አረንጓዴው 4 ነው የሚያበራው። ለንባብ አዳራሹ መካከል አዲሶቹን፣ በመደርደሪያዎቹ መካከል ላሉት መተላለፊያዎች ባለ 12ቶቹን እመርጣለሁ፤ አረንጓዴዎቹ ለጌጥ እንጂ ለብርሃን አይበቁም።